ከባንክ ወደ ዩኒቨርሲቲ፦ ደመወዙ ሲወርድ ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

የባንክ ሥራ ፈቃድና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 84/1986 ወጥቶ የግል ባንኮች መቋቋም ሲጀምሩ የተማረው የሰው ኃይል ጉዞ በአመዛኙ ወደ አንድ አቅጣጫ ነበር፤ ከመንግሥት ወደ ግል። የሒሳብ ባለሙያው፣ የሕግ አማካሪው፣ የብድር ተንታኙ የመንግሥት ወንበሩን እየተወ ወደ አዲሶቹ ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ገባ። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ምርምር አላስፈለገም፤ ደመወዙ ከፍ ይላል፣ ብድር በቀላል ወለድ ይገኛል፣ ዕድገቱም ፈጣን ነው።

ከጊዜ በኋላ ግን ተቃራኒው ጥያቄም መሰማት ጀምሯል። በባንክ፣ በኢንሹራንስ ወይም በአስመጪ ኩባንያ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለ ሰው የዩኒቨርሲቲ የሥራ ማስታወቂያ ቆርጦ ኪሱ ይከታል። ለወዳጆቹ ሲያማክራቸው የሚያገኘው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ምን ነካህ?» ይለዋል፤ ሌላው «ተገላገልክ!» ይለዋል። ሁለቱም ግን እርሳስ አንስተው አላሰሉም።

በንግድ ዓለም ያለ ሰው ዕቃ ሲለውጥ የሚያየው የተለጠፈውን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ማጓጓዣውን፣ ቀረጡን፣ የብድር ወለዱንና ዕቃው መጋዘን የሚቆይበትን ጊዜ ጭምር ይደምራል። ሥራ መለወጥም ከዚህ የተለየ ሒሳብ የለውም። ደመወዝ የተለጠፈው ዋጋ ነው። እውነተኛው ትርፍና ኪሳራ ያለው ከጎኑ በተጻፉት ትንንሽ መስመሮች ውስጥ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሲባል የትኛው?

በመጀመሪያ «ዩኒቨርሲቲ» የሚለው ስም ሦስት የተለያዩ ቀጣሪዎችን እንደሚሸፍን መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚህ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ አለ። አንደኛው መምህሩና ተመራማሪው፣ ማለትም የአካዳሚክ ሠራተኛው ነው፤ መብትና ግዴታው በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ይመራል። ሁለተኛው የአስተዳደር ሠራተኛው ነው፤ የፋይናንስ፣ የግዥ፣ የሰው ኃይል፣ የሬጅስትራርና የኮምፒውተር ባለሙያዎች በዚህ ይካተታሉ። የአስተዳደር ሠራተኛው እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ በደረጃና በእርከን ይቀጠራል። ከኩባንያ የሚመጣ ሰው በአብዛኛው የሚገባው በዚህኛው በር ነው።

ሁለተኛው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 መሠረት ራስ ገዝ የሚሆን ዩኒቨርሲቲ የአካዳሚክ፣ የአስተዳደርና የፋይናንስ ነፃነት ይኖረዋል። በዚህ መንገድ ቀዳሚ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ሦስተኛው የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህኛው በስሙ ዩኒቨርሲቲ ቢሆንም፣ በቀጣሪነቱ ከባንኩ አይለይም። ሠራተኛው የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ ጡረታውም በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሥር ይቆያል። ወደ ግል ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ሰው መሥሪያ ቤት ለወጠ እንጂ ዘርፍ አልለወጠም ማለት ይቻላል።

የሚከተለው ሒሳብ በዋናነት የሚመለከተው የመጀመሪያውን፣ ከግል ኩባንያ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚደረገውን ሽግግር ነው።

የተለጠፈው ዋጋ

ለስሌት እንዲመች አንዲት የአርባ ዓመት የባንክ ባለሙያ እናስብ። ወይዘሮዋ በብድር ትንተና ክፍል 15 ዓመት አገልግላለች፤ ያልተጣራ ደመወዟ በወር 60,000 ብር ነው እንበል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የምታገኘው የፋይናንስ ሥራ ደግሞ 25,000 ብር ይከፍላል እንበል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ከመንግሥት የደመወዝ ስኬል የራቁ አይደሉም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም ጀምሮ በተደረገው ማስተካከያ ለመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ 6,000 ብር፣ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ 11,500 ብር፣ ከፍተኛው ደግሞ 39,000 ብር ሆኗል።

ከ60,000 ወደ 25,000 ሲወርድ ወይዘሮዋ 35,000 ብር የምታጣ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ገንዘብ ሁሉ እጇ ሲገባ አልነበረም። በ2017 ዓ.ም በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት እስከ 2,000 ብር ያለው ከግብር ነፃ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ በየደረጃው ከ15 በመቶ እየጀመረ ይወጣል፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ግን በ35 በመቶ ይቆረጣል። በዚህ ላይ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ አለ።

ስለዚህ ከ60,000 ብሩ ላይ 18,950 ብር ግብርና 4,200 ብር ጡረታ ተቀንሶ የሚቀረው 36,850 ብር ነው። ከ25,000 ብሩ ላይ 6,700 ብር ግብርና 1,750 ብር ጡረታ ሲቀነስ 16,550 ብር ይተርፋል። በእጅ የሚገባው ልዩነት 35,000 ሳይሆን 20,300 ብር ነው ማለት ነው። ከጠፋው እያንዳንዱ አንድ ብር ውስጥ 42 ሳንቲሙ ቀድሞም የግብር ሰብሳቢውና የጡረታ ፈንዱ ነበር።

ብዙ ሰው ሒሳቡን እዚህ ላይ ያቆማል። «20,300 ብር ነው የሚቀንሰኝ፣ ወጪዬን ቆጥቤ እኖራለሁ» ብሎ ይወስናል። ችግሩ የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው።

ከጀርባ ያለው ዕዳ

የባንክ ሥራ ትልቁ ጥቅም ደመወዙ አይደለም፤ የሠራተኛ ብድሩ ነው። ባንኮች ለሠራተኞቻቸው የቤትና የመኪና ብድር ከገበያው በእጅጉ በወረደ ወለድ ይሰጣሉ። ውሉ ላይ ግን በተለምዶ አንድ አንቀጽ ይኖራል፤ ሠራተኛው ሥራውን ሲለቅ ቀሪው ዕዳ በመደበኛ ደንበኛ ወለድ እንዲታሰብ፣ አለበለዚያም ተጠቃሎ እንዲከፈል የሚያስገድድ ነው።

የወይዘሮዋ ቀሪ የቤት ዕዳ 2 ሚሊዮን ብር፣ ቀሪው የመክፈያ ጊዜ 20 ዓመት፣ ወለዱ 7 በመቶ ነው እንበል። ወርኃዊ ክፍያዋ 15,506 ብር ገደማ ይሆናል። ከ36,850 ብሩ ላይ ይህን ከፍላ 21,344 ብር ይዛ ትኖራለች።

ሥራዋን በለቀቀች ማግስት ወለዱ ወደ 17 በመቶ ቢዞር በዚያው ዕዳና በዚያው የመክፈያ ዘመን ክፍያው ወደ 29,336 ብር ይወጣል። ከዩኒቨርሲቲው በእጇ የሚገባው 16,550 ብር መሆኑን እናስታውስ። የቤቱ ክፍያ ብቻውን ሙሉ ደመወዟን በልቶ 12,786 ብር ያጎድላል። ምግብ፣ ትምህርት ቤት፣ ትራንስፖርት ገና አልተነሱም።

በሌላ አነጋገር፣ የደመወዝ ቅነሳ የሚመስለው ነገር በእርግጥ የዕዳ ዋጋ ጭማሪ ነው። ወይዘሮዋ የአዲሱን ደመወዟን አንድ ሦስተኛ፣ 5,500 ብር ያህል፣ ለቤቱ ብትመድብ በ17 በመቶ ወለድ ልትሸከም የምትችለው ዕዳ 375,000 ብር ገደማ ብቻ ነው። ከ2 ሚሊዮኑ ላይ ቀሪውን ከሌላ ምንጭ ማምጣት ይኖርባታል። ስለዚህ ጉዳዩ የሙያ ምርጫ መሆኑ ይቀርና ቤቱን መሸጥ፣ ማከራየት ወይስ ይዞ መቆየት ወደሚል ጥያቄ ይለወጣል።

ይህን አስቀድሞ ያሰበ ሰው መልቀቂያ ከማስገባቱ በፊት የብድር ውሉን አውጥቶ ያነብባል። መታየት ያለባቸው ነጥቦች ጥቂት ናቸው፦ አዲሱ ወለድ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ይታሰባል? የመክፈያ ዘመኑ ይራዘማል ወይስ ያጥራል? ዕዳው በሙሉ የሚጠራበት ሁኔታ አለ ወይ? የመኪናውና የግል ብድሩስ በዚያው ውል ታስረዋል? ባንኩ ከፍሎ ላስተማረው ትምህርት የገባው የአገልግሎት ግዴታ አልቋል ወይ?

ሲወጡ የሚገኘው

በዕዳው በኩል ለሚመጣው ጫና መጠነኛ ማስታገሻ የሚሆነው የሥራ ስንብት ክፍያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለአንድ ድርጅት ቢያንስ አምስት ዓመት አገልግሎ በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የውል ግዴታ ከሌለበት የስንብት ክፍያ ያገኛል። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ሲሆን፣ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም።

ለምሳሌያችን ወይዘሮ ለመጀመሪያው ዓመት 60,000 ብር፣ ለ14ቱ ዓመታት 280,000 ብር፣ በጠቅላላው 340,000 ብር ይመጣል፤ ያውም ከግብር በፊት። ይህ ከ2 ሚሊዮን ብሩ ዕዳ አንድ ስድስተኛ ገደማ ቢሆን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። ይኸው አዋጅ «የሥራ መሪ» የሆኑ ሠራተኞችን አይመለከትም። ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ሠራተኛ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን የተሰጠው ሰው ጉዳዩ የሚታየው በፍትሐ ብሔር ሕጉና በራሱ የቅጥር ውል ነው። በዕድገት ላይ ዕድገት ያገኘ ኃላፊ ሹመቱ የስንብት ክፍያውን ይዞበት እንደሄደ የሚረዳው አንዳንዴ ደብዳቤውን ካስገባ በኋላ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ከመልቀቂያው በፊት የሕግ ባለሙያ ማማከር የሚከፈልበት ወጪ አይባልም።

ከዚህ ሌላ ሠራተኛው የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ያልተጠቀመበት የዓመት ፈቃድም ወደ ገንዘብ ተለውጦ ይከፈለዋል።

የጡረታው ነገር

የጡረታ መዋጮ በሁለቱም በኩል አንድ ነው፤ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ ቀጣሪው 11 በመቶ ይከፍላል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የተጀመረው በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ተተክቷል። የመንግሥት ሠራተኞቹ 714/2003 ደግሞ በ1267/2014 ተተክቷል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው መዋጮ የተከፈለበት አገልግሎት ተያይዞ ይቆጠርለታል። በዚህ በኩል መሥጋት አያስፈልግም።

ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነው። በ2003ቱ አዋጆች የተቀመጠው ቀመር ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ሆኖ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። መቶኛው የሚሰላው ደግሞ በጠቅላላው የሥራ ዘመን ደመወዝ ላይ ሳይሆን ከጡረታ በፊት ባሉት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። ከዚህ ቀላል ዐረፍተ ነገር ከባድ ውጤት ይከተላል።

ከመንግሥት ባንክ ጀምሮ በጠቅላላው 25 ዓመት የሚቆጠርለት የ57 ዓመት ሰው እናስብ። ጡረታ እስከሚወጣበት 60 ዓመት ድረስ እዚያው ቢቆይ አገልግሎቱ 28 ዓመት፣ መቶኛው 52.5 ይሆናል። አማካይ ደመወዙ 60,000 ብር ከሆነ ጡረታው 31,500 ብር ነው። «የመጨረሻዎቹን ዓመታት ረጋ ብዬ ዩኒቨርሲቲ ላሳልፍ» ብሎ በ25,000 ብር ቢሄድ ግን በዚያው መቶኛ የሚደርሰው 13,125 ብር ነው። ሦስት የእፎይታ ዓመታት በዕድሜ ዘመኑ ሁሉ በወር 18,375 ብር ያስከፍሉታል።

በአንጻሩ የአርባ ዓመቷ ወይዘሮ ገና 20 ዓመት ስላላት ጡረታዋን የሚወስነው ዛሬ የምትተወው ደመወዝ ሳይሆን በ57፣ በ58 እና በ59 ዓመቷ የምታገኘው ነው። መካከሉን በዩኒቨርሲቲ አሳልፋ፣ ትምህርቷን ጨምራ፣ ኋላ ላይ በተሻለ ደመወዝ ብትመለስ ጡረታዋ አይጎዳም። ለዚህ ነው ሽግግሩ ከጡረታ አንጻር በአርባ ዓመት ርካሽ፣ በሃምሳ ሰባት ዓመት ውድ የሚሆነው።

አንድ የተለየ ሁኔታ መጠቀስ አለበት። በ2003 ዓ.ም የግል ጡረታው ሲጀመር የፕሮቪደንት ፈንድ የነበራቸው ሠራተኞች በዚያው የመቀጠል ምርጫ ተሰጥቷቸው ነበር። ያን ጊዜ ፕሮቪደንት ፈንዱን የመረጠ ሰው ገንዘቡን ይወስዳል እንጂ የሚቆጠር የጡረታ ዘመን የለውም። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የጡረታ ዘመኑን ከአንድ ይጀምራል፤ ለጡረታ አበል የሚያስፈልገው ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት ነው። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ የሚገባ ሰው ስድሳ ሲሞላው ገና ስምንት ላይ ነው።

ዩኒቨርሲቲው የሚከፍለው በምንድን ነው?

እስካሁን የተቆጠረው ሁሉ ኪሳራ ነው። ታዲያ ሰው ለምን ይሄዳል? መልሱ ዩኒቨርሲቲ ከደመወዙ በላይ የሚከፍለው በዓይነት መሆኑ ላይ ነው።

የዓይነት ክፍያው ከአገር አገር ይለያያል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት አሜሪካ፣ ከኩባንያ ወደ ዩኒቨርሲቲ የአስተዳደር ሥራ ለሚዞር ሰው ትልቁ መሳቢያ የትምህርት ክፍያ ምሕረት ነው። የአገሪቱ የግብር ሕግ ዩኒቨርሲቲው ለሠራተኛው፣ ለትዳር ጓደኛውና ለልጆቹ የሚተወውን የመጀመሪያ ዲግሪ ክፍያ ከግብር ነፃ ያደርገዋል። በ2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣ ሕግ ደግሞ ለመንግሥትና ለትርፍ አልባ ተቋማት የሚሠራ ሰው 120 ወርኃዊ ክፍያ ከፈጸመ በኋላ ቀሪው የፌዴራል የትምህርት ብድሩ ሊሰረዝለት ይችላል። ሁለት ልጆች ኮሌጅ ሊያስገባ የተዘጋጀ ወላጅ ደመወዙ ቢቀንስም በትምህርት ክፍያው ሊያካክሰው ይችላል።

በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ክፍያ እንደ አሜሪካው ከባድ ስላልሆነ ይህ ጥቅም ያን ያህል ሚዛን አይደፋም። ለሠራተኛው ራሱ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ዕድል መኖሩ ግን ቀላል አይደለም። በክልል ከተሞች ደግሞ የመኖሪያ ቤት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ይሁንና እዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ በብዛት የሚከፍለው በጊዜ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ መደበኛ የሥራ ጊዜን በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ይፈቅዳል። ለመንግሥት ሠራተኛ ግን በአዋጅ ቁጥር 1064/2010 የተቀመጠው ጣሪያ 39 ሰዓት ነበር። የዓመት ፈቃዱም በግሉ ዘርፍ ከ16 የሥራ ቀናት ሲጀምር፣ በዚሁ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ከ20 ጀምሮ እስከ 30 ቀን ይደርስ ነበር። አዋጅ 1064 በ2017 ዓ.ም በአዲስ ስለተተካ አመልካቹ በሥራ ላይ ያለውን ማየት ይኖርበታል። አመሻሽቶ ሒሳብ የመዝጋት፣ ቅዳሜን በቢሮ የማሳለፍና የዕቅድ ግብ ያለመሙላት ጭንቀት ግን በየትኛውም አዋጅ ላይ ያልተጻፈ ልዩነት ነው።

በ48 እና በ39 መካከል በሳምንት 9 ሰዓት፣ በወር 39 ሰዓት ያህል አለ። ይህ ጊዜ ዋጋ ሊወጣለት ይችላል። በእጅ የሚገባውን የ20,300 ብር ልዩነት ለ39 ሰዓት ስናካፍለው በሰዓት 520 ብር ገደማ ይደርሳል። ማለትም ወይዘሮዋ የተለቀቀላትን እያንዳንዱን ሰዓት ከግብር በኋላ በ520 ብር መሸጥ ከቻለች ወይም ለራሷ ያን ያህል ዋጋ ካለው አልከሰረችም። የብድሩ ወለድ ከተለወጠ ግን ተጨማሪ 13,830 ብር ስለሚመጣ የሰዓቱ ዋጋ ወደ 875 ብር ይወጣል።

ይህ የማመዛዘኛ ነጥብ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ነው። ማታ በግል ኮሌጅ የሚያስተምር፣ የአዋጭነት ጥናት የሚሠራ፣ የሒሳብ መዝገብ የሚያደራጅ ሰው፣ ተቋሙን አስፈቅዶና ከሥራው ጋር የማይጋጭ መሆኑን አረጋግጦ፣ ጊዜውን ወደ ገንዘብ ይለውጠዋል። የሦስተኛ ዲግሪ የሚማር ወይም ልጆቹን ከትምህርት ቤት ተቀብሎ የሚያስጠና ሰውም ጊዜውን በሌላ መልክ ይወስደዋል። የተለቀቀለትን ጊዜ በታክሲ ሰልፍና በቡና ቤት የሚጨርስ ሰው ግን የ20,300 ብር ዕቃ ገዝቶ መንገድ ላይ የጣለ ያህል ነው።

በሩ ላይ የሚጠየቀው

ከግል ኩባንያ የሚመጣ አመልካችን ብዙ ጊዜ የሚያደናቅፈው ችሎታው ሳይሆን ወረቀቱ ነው። የመንግሥት ተቋማት የሥራ ማስታወቂያ ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት ለመሆኑ ማስረጃ እንዲያያዝ ይጠይቃል። በባንክ ለሠራ ሰው ይህ ችግር የለውም። ከዚያ በፊት በአንድ አስመጪ ዘንድ ያለ ደረሰኝና ያለ ፔሮል ለሠራባቸው አምስት ዓመታት ግን ማስረጃ ስለማያገኝ ልምዱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። የደረጃና የእርከን ምደባው በሚቆጠረው ልምድ ላይ ስለሚመሠረት ጉዳቱ ወዲያውኑ በደመወዙ ላይ ይታያል። ነጋዴዎችም ከዚህ የሚማሩት አለ፤ ሠራተኛን ከፔሮል ውጭ መክፈል የሠራተኛውን የወደፊት ዕድል ጭምር መቁረጥ ነው።

ቀጥሎ የሙከራ ጊዜው አለ። በግሉ ዘርፍ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064 ግን ስድስት ወር ነበር። የ15 ዓመት ባለልምድ ሰው እንደ ጀማሪ ለወራት በሙከራ ላይ ይቀመጣል፤ በእነዚህ ወራት ውስጥ የባንኩ ብድር በአዲሱ ወለድ መቁጠሩን አያቋርጥም። ስለዚህ ቢያንስ የስድስት ወር የቤት ወጪና የብድር ክፍያ ሳይዙ መግባት አደገኛ ነው።

ሌላው የአሠራር ልዩነት ነው። በኩባንያ አንድ ኃላፊ በቀን የሚወስነውን በዩኒቨርሲቲ ኮሚቴ፣ ሴኔትና የግዥ ሥርዓት በሳምንታት ይወስኑታል። ይህን አስቀድሞ ያልተዘጋጀበት ሰው በመጀመሪያው ዓመት ይማረራል።

ሀብት ላለው ሰው

ከደመወዝ ሌላ የአክሲዮን ድርሻ፣ የቤት ኪራይ ወይም የቤተሰብ ንግድ ያለው ሰው ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የወር ጉድለቱን የሚሞላለት ሌላ ምንጭ አለውና። ይሁን እንጂ እሱም የራሱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ተሿሚዎችንና የተወሰኑ የመንግሥት ሠራተኞችን ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ ያስገድዳል። በግዥ ወይም በፋይናንስ ኃላፊነት የሚቀመጥ ሰው የራሱ ወይም የቤተሰቡ ድርጅት ለዚያው ዩኒቨርሲቲ ዕቃ የሚያቀርብ ከሆነ የጥቅም ግጭት ይፈጠራል። ወንድሙ የወረቀትና የቀለም አቅራቢ የሆነ የግዥ ኃላፊ ወይ ወንድሙ ከጨረታው ይወጣል፣ ወይ እሱ ከወንበሩ ይነሣል። ይህ ከመግባት በፊት እንጂ ከገቡ በኋላ የሚታሰብ ነገር አይደለም።

ራስ ገዝነት ምን ይለውጣል?

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ደመወዝ የሚወሰነው በስኬል ስለሆነ አመልካቹ የሚደራደርበት ክፍት ቦታ የለውም፤ ወይ ይቀበላል ወይ ይተዋል። ራስ ገዝ የሆነ ዩኒቨርሲቲ ግን የራሱን ገቢ ማመንጨት፣ ንብረቱን ማስተዳደርና ወጪውን መቆጣጠር ይጠበቅበታል። ሕንፃ የሚያከራይ፣ የማማከር አገልግሎት የሚሸጥ፣ የገንዘብ ፍሰቱን የሚያቅድ ተቋም ደግሞ እነዚህን ሥራዎች በኩባንያ ሲሠራ የኖረ ሰው ይፈልጋል። ዕቃው ሲፈለግ ባለዕቃው ዋጋ መጥራት ይችላል። ስለዚህ የባንክና የንብረት አስተዳደር ልምድ ላለው ሰው የተሻለ ድርድር ሊገኝ የሚችለው በዚህኛው በኩል ነው። የዚያኑ ያህል ነፃነት ያለው ቀጣሪ እንደ ገቢው የሚከፍል፣ እንደ ውጤቱም የሚለካ ስለሆነ የቆየውን የመንግሥት ሥራ ዋስትና ከዚህ መጠበቅ አይገባም። የግሉ ዘርፍ አደጋ ከነትርፉ ይዞ ይመጣል።

የመጨረሻው መስመር

ከላይ የተዘረዘረው ሲጠቃለል ሽግግሩ የሚያዋጣው ለሦስት ዓይነት ሰዎች ነው። ዕዳውን ለጨረሰ ወይም ሊጨርስ ለቀረበ፣ ከደመወዝ ሌላ የገቢ ምንጭ ላለው፣ እንዲሁም ከጡረታ ገና ርቆ የሚገኘውን ጊዜ ለምን እንደሚያውለው አስቀድሞ ለሚያውቅ። ከሦስቱ አንዱም ለሌለው ሰው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ዛፍና ጸጥታ የቱንም ያህል ቢያምር የመጀመሪያው የባንክ ደብዳቤ ሲመጣ ውበቱ ይጠፋል።

ስለዚህ ማስታወቂያውን የቆረጠ ሰው ማመልከቻ ከመጻፉ በፊት አንድ ወረቀት ላይ አራት ቁጥሮች ያስፍር፦ በእጅ የሚገባው የደመወዝ ልዩነት፣ በአዲሱ ወለድ የሚመጣው የብድር ክፍያ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት የጡረታ መሠረት፣ የሚተርፈውን አንድ ሰዓት ሊሸጥበት የሚችለው ዋጋ። አራቱ ቁጥሮች እርስ በርስ ከታረቁ «ምን ነካህ?» የሚለውን ወዳጅ መስማት አያስፈልግም። ካልታረቁም «ተገላገልክ!» የሚለው ወዳጅ የብድሩን ክፍያ አብሮ አይከፍልም።